ቀጋው ሥር

ስልኬ ሲጮኽ የኢንዱስትሪ መንደሩን ሁለተኛ ምዕራፍ እየነደፍኩ ነበር። የደወለው የቢሯችን ሾፌር ነው። «ሂሩትዬ፣ ጋሽ ደምሴ ዐረፈ። ቀብሩ ነገ ጎረቤላ ነው» አለኝ። ደህና ሰው ቢሆን እዚያው ያለቅስ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እንግዲህ ማንም አይጠይቀኝም» የሚል ነበር። እፎይ አልኩ። ወዲያው በራሴ ደነገጥኩና ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወጣሁ። ስለ ጋሽ ደምሴ ልጽፍ ስነሳ ይህችን እፎይታ ደብቄ ብጀምር ሁለተኛ መዋሸት ይሆንብኛል።

ጋሽ ደምሴ ቀያሽ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ እሱ ያልለካው መንገድ፣ ያልቸከለው ሰፈር ጥቂት ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ፕላን ክፍል ስቀጠር ጡረታው ደርሶ ነበር፤ ሰው ስለጠፋ በኮንትራት አቆዩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ውርጭም ሆነ ፀሐይ የማያስወልቀው ካኪ ካፖርት ነበረው። በቀኝ ኪሱ የገብስ ቆሎ፣ በግራው ደብተር አይጠፋም፤ ደብተሩ ስለሚከብድ ካፖርቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ነው። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስለው ሳቀብኝ። «እርስዎ የሚባል ሽማግሌ ችካል አይሸከምም፤ ለብቻሽ መሸከምሽ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ነው ያልኩት።

አሠራሩ ያናድደኝ ነበር። መሣሪያውን ተክለን፣ ነጥቡን ይዘን ወደሚቀጥለው ልናልፍ ስንል እሱ ችካሉን በእጁ እንደያዘ ይቆማል። ባለ መሬቱን ይፈልጋል፤ ካጣም የሚያልፍ መንገደኛ ይጠራል። «ይህ ቦታ ስሙ ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ስሙን ሳይሰማ ችካል መትቶ አያውቅም። ለካ እያንዳንዱ ማሳ ስም አለው፤ የእማሆይ ድርሻ፣ ጅብ መውጫ፣ የሙሽራ ማሳረፊያ። ስሙን በደብተሩ ይጽፋል፣ ከጎኑ የነጥቡን መገኛ ቁጥር ያሰፍራል፣ ያኔ ነው መዶሻው የሚነሳው። የቢሮው ልጆች «ስሙ ማን» የሚል ቅጽል አወጣንለት። ሰምቶ ከእኛ በላይ ሳቀ።

አንድ ቀን መለካታችን ያበሸቀው ገበሬ «ስሙማ ምን አገባህ ይባላል» ብሎ መለሰለት። ጋሽ ደምሴ ሳይቆጣ እንዳለ ጻፈው። ቢሮ ስንገባ እኔም ሳላስተውል ወደ ሠንጠረዡ ገለበጥኩት። አለቃችን ሪፖርቱን ሲያነብ ከነጥብ አንዱ ትይዩ «ምን አገባህ» የሚል አግኝቶ የደም ግፊቱ ተነሳ። ጋሽ ደምሴ «ሰውዬው ያለኝን ነው የጻፍኩት» ብሎ ቆሎውን ቆረጠመ።

«ጋሽ፣ ኮምፒውተሩ እኮ ስም አይጠይቅም። ቁጥር ይበቃዋል» አልኩት ያን ቀን።

«ለዚያ ነዋ እኔ የምጠይቀው» አለኝ።

ደብተሩ ሌላም ደንብ ነበረው። በዓይኑ ያየውን ነገር ሲጽፍ ከጎኑ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት ያደርጋል። በጆሮው ብቻ ለሰማው ነገር ግን ምልክት አያደርግም፤ የነገረውን ሰው ስም ይጽፋል። ምንጭ አለ ያለው አቶ በቀለ ከሆነ «ምንጭ አለ፣ በቀለ» ብሎ ይተወዋል። ሌላ ቀን ሄዶ ምንጩን ሲያይ የበቀለን ስም ሰርዞ ምልክቱን ያደርጋል። «ያየሁትን እኔ እጠየቅበታለሁ፤ የሰማሁትን የነገረኝ ይጠየቅበታል» ይል ነበር። ደብተሩን እንዳነብ ሲሰጠኝ የተሰረዙ ስሞችን ቆጥሬ እስቅ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሄዶ ያየ ሰው መሆኑ አልታየኝም።

አንዴ ደግሞ ጫጫ ላይ መንገድ ማስፋፊያ ስንቸክል የሚስቱ ወንድም መጣ። መስመሩ የአጥሩን ጥግ ሊቆርጥ ነው። «ጋሼ፣ አንዲት እርምጃ ወዲያ ብታደርጋት ማን ያይሃል? ምሳም ተሰናድቷል» አለው እየሳቀ። ጋሽ ደምሴ የቦታውን ስም ጠየቀውና ችካሉን እቦታው መታ። ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ምሳውም አብሮት ሄደ። መኪና ውስጥ ሆነን በገብስ ቆሎው ሆዳችንን ስናታልል «ችካል ዘመድ የለውም፤ አንድ ቀን ዘመድ ካበጀ ሌላው ሰው ለምን ያምነዋል?» አለኝ። ይህችን አባባል ወደድኳት። ብዙ ስብሰባ ላይ የራሴ አስመስዬ ተናግሬያታለሁ።

የኢንዱስትሪ መንደሩ ሥራ ሲመጣ የነዳፊዎቹ አስተባባሪ ሆንኩ። ዕድሜዬ ለኃላፊነቱ አይበቃም ነበር፤ ምላሴ ግን ተርፎ ነበር። ከከተማው ወጣ ያለውን ሰፊ ገላጣ ለፋብሪካ፣ ለመጋዘን፣ ለሠራተኛ መኖሪያ ማዘጋጀት ነው ሥራው፤ ለዛሬ ሥራ ፈላጊ ብቻ ሳይሆን ገና አንደኛ ክፍል ላሉት ልጆች ጭምር። በሥራው አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ዲግሪያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተቱ ልጆች በየቀኑ በሬን ያንኳኩ ነበር፤ አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። ጋሽ ደምሴም ያምን ነበር። «ሥራ ይምጣ እንጂ! ልጆቹ አረብ አገር ከሚንገላቱ እዚሁ ይሥሩ» ይል ነበር። «ብቻ አንቺ አትቸኩዪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

ከቦታው የሚነሱትን ገበሬዎች የሰበሰብን ዕለት የምጠይቀው ሁሉ በቅጽ ተዘጋጅቶ ነበር። ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ መቃብር። ወንዶቹ ከፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከኋላ፣ ኩበት ከተከመረበት ጥግ ቆመዋል። «መቃብር አለ ወይ?» አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «የለም። የእኛ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ደግሞ አንነካም ብላችሁናል» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም» ብዬ ሞላሁ። ሽማግሌው አልዋሹም። ቅጹም በትክክል ተሞልቷል።

ጋሽ ደምሴ ግን ተነስቶ ወደ ሴቶቹ ሄደ። ሲያናግራቸው ከሩቅ አያለሁ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ቀርበው ፊቱን አተኩረው አዩት። ከዚያ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ረጅም ጊዜ አለቀቁትም። ይዘውት ወደ ማሳው ጫፍ፣ አንድ ትልቅ የቀጋ ቁጥቋጦ ወዳለበት ሄዱ። ጊዜው ክረምቱ የወጣበት ስለነበር ቀጋው ነጭ አበባ ለብሷል። ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። «ሂሩት፣ ቀጋው ሥር እንዳትነኪ» አለኝ።

«ምን አለ?»

«ሕፃናት አሉ። ክርስትና ሳይነሱ የሞቱ። እነሱ ቤተ ክርስቲያን አይቀበሩም፤ ፍትሐትም የላቸው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሴቶቹ ናቸው እዚያ የሚያኖሯቸው። ወንዶቹ መቃብር አይሉትም፤ የት እንደሆነ የማያውቅም ሞልቷል።»

ሴት ሆነሽ አንቺ መጠየቅ ነበረብሽ አላለኝም። ባለኝ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን አውጥቶ «ቀጋው ሥር» ብሎ ጻፈ፤ ቁጥሩን አሰፈረ፤ ምልክቱን አደረገ።

ቢሮ ገብቼ ፕላኑ ላይ ቦታዋን አረንጓዴ ቀባኋት። ከዚያ ሁሉ ስፋት መሐል ከአንዲት ክፍል ቤት የማትበልጥ ነጥብ ናት። ጋሽ ደምሴ በየሳምንቱ ይመጣና ከኋላዬ ይቆማል። «አለች?» ይለኛል። «አለች» እለዋለሁ። ጣቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ፣ ሳይነካ፣ ያያትና ይሄዳል። ስለ ሌላ ቦታ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅሁትም። ስም መጠየቅን ያስተማረኝን ሰው አንድም ቀን ምን ሆነሃል ብዬ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ታመመ። ኩላሊቱ ነው አሉ። ኮንትራቱ ተቋረጠና ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ጎረቤላ ገባ። የተሰናበተን ቀን ቆሎውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ።

ፕላኑ ሊጸድቅ ሲል የከባድ መኪና ማቆሚያው ጠበበ። ተሳቢዎቹ መዞሪያ አጡ። መፍትሔ ነበረው፤ መጋዘኑን ወደ ምሥራቅ መግፋት፣ መንገዱን ማጠፍ፣ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብሎ መሥራት። ሁለት ሳምንት አልነበረንም። ማለቴ፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ ብዬ አለቃዬን መጠየቅ አፈርኩ። እሱ ከጎኔ ቆሞ «ይቺ አረንጓዴ ምንድን ናት?» አለኝ።

«ቁጥቋጦ» አልኩት።

መቃብር ናት ብዬው ቢሆን ይተዋት ነበር፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም። ቁጥቋጦ ያልኩት እኔ ነኝ። «ታዲያ ሌላ ቦታ ዛፍ እንተክልባታለን» አለ። የማጥፊያውን ቁልፍ አንዴ ተጫንኩ፤ ጠፋች። እስካሁን የሚያባንነኝ ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው። ወዲያው ከኋላዬ «ስሙ ማን ይባላል?» ያለኝ ሰው ያለ መሰለኝና ዞርኩ። የጋሽ ደምሴ ወንበር ባዶውን ነበር፤ አለቃዬ «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ግሬደሩ ገብቶ አስፋልቱም ከፈሰሰ በኋላ ነው ጋሽ ደምሴ የደወለው። ድምፁ በጣም ደክሟል። የቢሮውን ልጆች በየስማቸው እየጠራ ጠየቀኝ። ምን እንደሚከተል አውቄዋለሁ።

«ሂሩት፣ ቀጋው ሥር አለች?»

«አለች፣ ጋሽ።»

«ተመስገን» አለ። ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማኝ። «መጥቼ እንዳላይ እግሬ ከዳኝ። አንቺ ካልሽ አለች።»

እውነቱን ብነግረው ሕመም ላይ ሕመም መጨመር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ለእሱ አዝኜ አልነበረም የዋሸሁት፤ ፈርቼው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ ሲጮኽ ማን እንደሆነ ሳላይ አላነሳም። ወደ ግንባታው ስሄድ በማቆሚያው በኩል አላልፍም፤ ጭቃ ቢሆንም ዙሪያውን እሄዳለሁ። በመንገድ ዳር ቀጋ ሳይ፣ አበባ ባይኖረውም አበባው ይታየኛል።

ጎረቤላ ስንደርስ ጉም ከገደሉ ሥር ወጥቶ ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ለቃስተኛውን ከማየቴ በፊት ዋይታውን ሰማሁ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ባለቤቱ እትዬ አስካለ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ሂሩት አንቺ ነሽ? ስምሽን ከአፉ አይለይሽም ነበር» አሉኝ። ከጉያቸው ደብተሩን አወጡ። «ለሂሩት ስጫት፣ ቁጥሩ ለሥራ ይሆናታል ብሎኛል።»

እዚያው ገለጥኩት። ከገጽ ገጽ ያ መስቀለኛ ምልክት አለ። ቀጋው ሥር የሚለውን ገጽ አገኘሁ። ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ምልክቱ እንዳሉ ናቸው። ከሥራቸው በተሰባበረ ጽሕፈት አዲስ መስመር ተጨምሯል። «አሁንም አለች» ይላል። ከጎኑ ምልክት የለም። «ሂሩት» የሚል ስም አለ።

እትዬ አስካለ ጣታቸውን ገጹ ላይ አኖሩ። «ይህንን ለእኔም አንብቦልኛል» አሉ። «የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚያ፣ እናቴ ዘንድ ነው። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው እንግዲህ። እሱ ቆላ ወርዶ የአልዩ አምባን መንገድ ይለካል። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ሄደችብን። እሱ ሲደርስ እናቴ ወስዳ አኑራታለች። የት እንደሆነ ለአባት አይነገርም ነበር ያኔ። እሱ አልጠየቀኝ፤ እኔ አልነገርኩት። በኋላ እናቴም ሞተች፤ ወንድሜም ጫጫ ገባ፤ አገሩን ረሳነው። በእናንተ ሥራ ነው ያገኛት። ያቺ ባልቴት፣ የእናቴ ጎረቤት፣ አይታ ለየችው።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ጫጫታ ሁሉ የራቀኝ መሰለኝ። «ለምን አልነገረኝም?» አልኩ።

«ችካል ዘመድ የለውም ይል የለ? የእኔም ልጅ አለች ካልኩ፣ ለሌሎቹ የምለምንበት አፍ አይኖረኝም አለኝ።» ክንዴን ያዙኝ። «አፈር ስሆን፣ አርባው ሲወጣ ውሰጂኝ። እሱ ዳግም ሄዶ ያላየውን እኔ ልይለት።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ለቅሶ ቤት አይሆንም የሚል ሰበብ አገኘሁና «እሺ» አልኩ። አርባውን ቀን ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አየኝ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት መስመር መሳብ አቃተኝ፤ መስመሩን ስጀምር ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

ከአርባው በኋላ ሄጄ ወሰድኳቸው። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንወጣ መኪናውን ከመንገድ አውጥቼ አቆምኩና ነገርኳቸው። ቁጥቋጦ ማለቴን፣ ማጥፋቴን፣ ለሚሞት ሰው «አለች» ማለቴን። አልጮኹም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ገብሱ ማሳ ተመለከቱ። ከዚያ «እንዳመነሽ ነው የሞተው» አሉ። ይቅር አላሉኝም፤ አልረገሙኝምም። «ንጂ» አሉኝ።

ማቆሚያው ጥቁር አስፋልት ነው፤ ተሳቢዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። «የቱ ጋ ነው?» አሉኝ እትዬ አስካለ። ይህንን ከእኔ በቀር ማንም ሊመልስላቸው አይችልም ነበር። የጋሽ ደምሴን ቁጥር ጂፒኤሱ ውስጥ አስገባሁና እያየሁ ሄድኩ፤ እሳቸው ከኋላዬ። መሣሪያው አንድ ተሳቢ የኋላ ጎማ ዘንድ አደረሰኝ።

ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ጋደም ብሎ ነበር። በንግግሩ የቆላ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። «እናቴ፣ ምን ጠፋዎት?» አላቸው ወርዶ።

«ልጄ ከሥር አለች» አሉት።

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ጎማውን አየ። ሌላ ነገር አልጠየቀም። «አላህ ይዘንላት» ብሎ ገባና መኪናውን አስነስቶ ወደ ዳር ወሰደው። ጎማው የነበረበት ላይ ደረቅ አስፋልትና የዘይት ጠብታ ቀረ። እትዬ አስካለ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፤ መዳፋቸውንም አስፋልቱ ላይ አኖሩ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። መቀመጥ መብቴ አልመሰለኝም።

ፈረቃ ተለውጦ ልጃገረዶቹ ከፋብሪካው ሲወጡ ሳቃቸው ቀድሟቸው መጣ። አሮጊቷን ሲያዩ እርምጃቸውን ገቱ። አንዷ ከጓደኞቿ ተለይታ መጣችና «እማማ፣ አሞዎት ነው?» አለች።

«ደህና ነኝ ልጄ። የየት ነሽ?»

«የሰላ ድንጋይ።»

«ስምሽስ ማን ይባላል?»

«ብርቱካን።»

«ብርቱካን። እደጊ፣ ተመንደጊ» አሏት። ልጅቷ ለመሄድ እያመነታች ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች። እትዬ አስካለ በዓይናቸው ሸኟት። «ለእኛዋ ስም አላወጣንላትም ነበር» አሉ። «ለክርስትናዋ ቀን ብለን አቆይተን፣ ሳይሆንላት ቀረ።»

ያን ሁሉ ዘመን በየማሳው ላይ ችካል ይዞ ስም እየጠየቀ የቆመው ሰውዬ ታየኝ። ልቅሶዬ ያኔ ነው የመጣው፤ ቀብሩ ላይ ያልመጣው።

እትዬ አስካለ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ደብተሩን ይዘሽዋል?» አሉ። አወጣሁት። «እንግዲህ ጻፊ፤ እሱ ቢሆን እንደሚጽፈው።»

ገጹን ገለጥኩ። «ቀጋው የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም መስቀለኛውን ምልክት አደረግሁ። እሱ ሄዶ በዓይኑ ሲያይ የነገረውን ሰው ስም ይሰርዝ ነበር። እኔ ስሜን አልሰረዝኩትም።